የተሰረዘው ቄስ

ጋሼ ሳህሌ በአሜሪካዋ ዋይትሆል ከተማ ከተከራዩት አዳራሽ ቤዝመንት፣ ከደረጃው ሥር ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. 2021፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። እጃቸው የተጨማደደ ወረቀት እንደጨበጠ ቀርቷል።

አመሻሹ ላይ ሊያሳዩት የነበረው ድምፅ አልባ ፊልም መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ጥቁር አሜሪካውያን የትልልቅ ስቱዲዮ ደጅ ሳይጠኑ የሠሩት፣ የበሽተኛ መድኃኒት ወንዝ ውስጥ የሚጥል ሐሰተኛ ሰባኪ ታሪክ ነው። በፊልሙ ላይ የሚታየውን እንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋሼ ሳህሌ በአማርኛ ሊያነቡ ተዘጋጅተው ነበር።

መርማሪ ፖሊሱ አማርኛ አይችልም። የፍርድ ቤት አስተርጓሚዋን ሰምሀልን ጠራ፤ ምርመራው ያን ጊዜ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ፊልሙን የሚያሽከረክረው ቢሩክ ቀደመ። «ሐሙስ ጽሑፉን ለእኔም ለቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ለሀይሉም ሰጡን። ይኸው፦ ‹ቄሱ መድኃኒቷን ወንዝ ጣለው›።»

«እምነትን መስደብ አይሆንም?» አለች ሰምሀል።

«የሠሩት እኮ አማኞች ናቸው! ባያምኑማ ሐሰተኛ ሰባኪ ምን ያንገበግባቸዋል?»

የሟች ልጅ ቆንጂት ከምትሠራበት የግሮቭፖርት መጋዘን ሺፍቷን አቋርጣ መጥታለች። አላለቀሰችም።

«ሀይሉ እናቴን ‹ተፈውሰሻል› ብሎ ኢንሱሊን አስቆማት። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት። አባዬ ፊልሙን ያመጣው ለእሱ ነው። ገዳዩን ስጪኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

«ዛሬ አባትሽን አናገርሻቸው?»

«አራት ሰዓት ላይ፣ ብሬክ ላይ እያለሁ ኮል አደረገልኝ። ‹አዳራሹ ውስጥ ነኝ፤ አንዲት ቃል ልለውጥ ነው› ብሎ ሳቀ።»

መጋቢ ሀይሉ መጨረሻ ገቡ። «ከሐሙስ ወዲህ አላየኋቸውም። ጠዋቱን ቤክስሊ ከተማ ስጸልይ ነበር።»

«ጽሑፉ አስቀየመዎት?»

«እንዴት አያስቀይመኝ! ‹መጋቢው ወንዝ ጣለው› ብሎ በሕዝብ ፊት ማንበብ?»

ሰምሀል ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ወረቀቱን ዘረጋችው።

«የሐሙሱ ጽሑፍ ‹ቄሱ› ይላል፤ ቢሩክም አሁን ያነበበው እሱኑ ነው። በጋሼ ሳህሌ ወረቀት ላይ ግን ‹ቄሱ› ተሰርዞ ‹መጋቢው› ተብሏል። የተለወጠው ዛሬ ከአራት ሰዓት በኋላ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ከእጃቸው አልወጣም። በእንግሊዝኛ ብተረጉመው ሁለቱንም ‹ፓስተር› ብዬ አልፈው ነበር፤ ፖሊሱም አይነቃም ነበር። መጋቢ፣ ቤክስሊ ሆነው የት አነበቡት?»

ሀይሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ወረቀቱን ልነጥቃቸው ብዬ... ገፋኋቸው። ደረጃው...»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀላቸው።

«ቆንጂት፣ ልጄ፣ ስለ ጌታ ብለሽ አንድ ነገር በይልኝ!»

«ለእናቴ ያዘዝክላትን ላዝዝልህ?» አለች፤ ፊት ለፊታቸው ቆማ። «እመን። ካቴናው ይፈታል።»