በቆሎ የነበረው በቅሎ

ጽጌረዳ ይገዙ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። በጃንሆይ ዘመን ታይፕ የምትመታ ልጅ በሰፈሩ ብርቅ ናት። አንድ ቀን መምህር ስብሐት ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዞ ገባ።

«ልጆቹ ማንበቢያ የላቸውም። ሙሉውን በስቴንስል ወረቀት ላይ ምቺልኝና በማሽን እናባዛው። ማን እንደጻፈው እንኳ አላውቅም።»

እሷ ግን አወቀችው። አባቷ በሬዎቻቸውን ሸጠው ያሳተሙት፣ ገዢ አጥቶ አልጋ ሥር የተከመረው መጽሐፍ ነው። «የአባቴ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ስብሐት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በቃ፣ ዝም አለች! ፍቅር አንደበት ያስራል።

ከሰዓት ከሰዓት እሱ ያነብላታል፣ እሷ ትመታለች። ሆን ብላ ትሳሳትና ስቴንስሉን ቀይ የማረሚያ ቀለም ትቀባለች፤ እስኪደርቅ ድረስ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

«‹ሙሽራው በቆሎ ላይ ተቀምጦ መጣ› ይላል እኮ!» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀችና «በቅሎ» ብላ መታችው።

ተማሪው ሁሉ የተባዛውን ያዘ። አባቷ አቶ ይገዙ አዲሱ ገበያ መጽሐፋቸውን ዘርግተው ቢውሉ ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። ጽጌረዳ እሳቸውን ላለማየት በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች።

ስብሐት ሽማግሌ ሲልክ፣ አቶ ይገዙ የተባዛውን ወረቀት ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ለክፍሉ አንድ ሁለት ገጽ ቢቀነጭብ ማን ይቆጣዋል? ሙሉውን ገለበጠው፤ ስሜንም ጣለው። መጽሐፌን ሳይጠይቅ የወሰደ ሰው፣ ልጄን ምን ብሎ ይጠይቀኛል?»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያደርሱት ስብሐት ክው አለ። ቢሆንም «የመታችው እሷ ናት» አላለም። ጽጌረዳን ያንገበገባት ይኸው ነው። ሄዳ አባቷ እግር ላይ ወደቀች።

«አባባ፣ የመታሁት እኔ ነኝ። የእርስዎ መሆኑን እያወቅሁ... ከአጠገቤ እንዳይነሳብኝ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ማተሚያ ቤቱ በቆሎ ያደረገብኝን በቅሎ፣ ካንቺ ሌላ ማን ያርመዋል? እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ስብሐት አስቀድመው መጽሐፉን እንዲጠይቁለት ልኳቸዋል። ጉለሌ ለመጽሐፍ ሽማግሌ ሲላክ አይታ አታውቅም! አቶ ይገዙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«መጽሐፉንም ልጄንም ፈቅጃለሁ። እሷ ብታገባም ጽጌረዳ ይገዙ ናት፤ ስሜን አትጥለውም። ወረቀቱ ላይም መልሱልኝ።»

በማግስቱ ጽጌረዳ አዲስ ስቴንስል አስገባች። ስብሐት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የአባቷን ስም ስትመታ ተሳሳተች። አሁንስ የምሯን ነበር።