ከጣሪያ ያልወረደ ጃኬት

አቶ አሎይዝ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ፊታቸው ባንዴ አመድ መሰለ። ከኋላቸው የገቡት ጡረተኛ የማዕድን ሠራተኞችም በሩ ላይ ተገትረው ቀሩ። አንዱ ላባ የተሰካበትን የበዓል ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጭብጨባ ስትጠብቅ የነበረችው የአቶ አሎይዝ የልጅ ልጅ ኦቲሊያ ግራ ገባት።

«ማነው የሰቀለው?» አሉ አያቷ።

«እኛ ነን አባባ፤ እኔና ዚታ ከክፍላችን ልጆች ጋር። ምነው፣ አያምርም?»

ከጣሪያው ላይ አርባ ልብስ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ቀይ ሹራብ፣ ሰማያዊ ኮት፣ የአበባ ሸሚዝ፣ ምን የሌለ አለ። አዳራሹ ድሮ ከሰል ቆፋሪዎች የሚታጠቡበትና ልብስ የሚቀይሩበት ነበር። ማዕድኑ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ትንሿ ከተማ ሩድኖቭካ ልጆቿን ወደ ትልልቅ ከተሞች እየሸኘች ጭር ብላለች። አዳራሹ ሊፈርስ ሲል ግን የሙዚቃ መምህርቷ ወይዘሮ ግራዢና «የባህል ማዕከል ይሁን» ብለው ተነሡ። ዛሬ የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ የምትባለው የቅድስት ባርባራ በዓል ዋዜማ ነው። ከክፍለ ሀገሩ የመጡት እንግዶች ልጆቹ ያዘጋጁትን ኤግዚቢሽን ከወደዱት አዳራሹ ይተርፋል፤ ካልወደዱት ቦታው ለመጋዘን ይሰጣል።

ልጆቹ መጀመሪያ የሰቀሉት የሥራ ልብስ ነበር። «አቦ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት» አለች ዚታ። «ትንሽ ከለር ይግባበት!» ስለዚህ እሱን አውርደው ከየቤቱ ያረጀ የከተማ ልብስ ለቀሙ። ኦቲሊያም ከአያቷ ቁም ሣጥን ሥር ቡናማ ኮርዱሮይ ጃኬት አወጣች። ለብሰውት አይታ ስለማታውቅ ማን ይፈልገዋል ብላ ሳታስፈቅድ አመጣችው። መሀል ላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

አቶ አሎይዝ ዓይናቸውን ከጃኬቱ ላይ ሳይነቅሉ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ ኤርቪን የተባሉት ባለከዘራ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ኦቲሊያ አያቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። «ምን አጠፋሁ አባባ? ይንገሩኝ እንጂ።»

«እያንዳንዳችን የራሳችን ሰንሰለት ነበረን» አሉ በቀሰስታ። «ጉድጓድ ስንወርድ የከተማ ልብሳችንን እንሰቅላለን፤ ስንወጣ እናወርዳለን። የሰው ልብስ ማንም አይነካም፣ ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያወርደው። ፈረቃው አልቆ የከተማ ልብስ ጣሪያ ላይ ከቀረ...» ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። «ከቀረ ሰውየው አልወጣም ማለት ነው።»

ኦቲሊያ ክው አለች። ቀና ብላ ስታይ ከለር አልታያትም፤ የታያት አርባ ያልወጣ ሰው ነው።

«ጉድጓዱ የፈነዳ ቀን አሥራ ዘጠኝ ልብስ እንዲህ ቀረ» አሉ አያቷ። «እዚሁ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የወንድሜ የጊንተር ጃኬት ያው እዚያ ነበር። ሦስት ቀን ቆየሁና እኔው አወረድኩት። ከዚያ ወዲያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የነበረው።»

ወንድም እንደነበራቸው እንኳ ኦቲሊያ ሰምታ አታውቅም። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ይሄኔ ከበሩ በኩል የዚታ ድምፅ ተሰማ። ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች አንዷን፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙትን ሴትዮ ታነጋግራለች። ሴትዮዋ ባርኔጣቸውን ያወለቁትን ሽማግሌዎች አይተው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አዎ፣ ሆን ብለን ነው» ትላለች ዚታ፣ ነገሩን ከኤርቪን ቃርማ። «በፍንዳታው ያለቁትን ለማሰብ ነው። ሐሳቡ የኦቲሊያ ነው፤ ጃኬቱ እንኳ የሞቱት የአያቷ ወንድም ልብስ ነው።»

ሴትዮዋ ይጽፋሉ። ወይዘሮ ግራዢና በደስታ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዚታ ኦቲሊያን ስታያት ጠጋ አለችና ጆሮዋ ሥር፣ «አደራሽን፣ ላሽ በይው። ሴትየዋ ወዳልናለች። አንዲት ቃል ከተነፈስሽ አዳራሹ አበቃለት» አለቻት።

አቶ አሎይዝ ግን ሰምተዋል። የልጅ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«አውቀሽ ነው እንዴ?»

ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው የባሰው። አዎ ብትል አዳራሹ ይድናል። ግን አያቷ፣ የጊንተርን ሞት እያወቀች ጃኬቱን ከቁም ሣጥን ሰርቃ ለእንግዳ ማሳያ አደረገችው ብለው ይኖራሉ። አይደለም ብትል ደግሞ የወይዘሮ ግራዢና የአራት ዓመት ልፋት በእሷ አፍ ገደል ይገባል።

«አላወቅኩም» አለች። «ቀለሙ ስላማረኝ ነው ያመጣሁት። ሳልጠይቅዎት ነው የወሰድኩት።»

«ከየት ታውቂዋለሽ» አሉ ሽማግሌው። «አፌን ለጉሜ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ግራዢና ማይኩን አንኳኩተው፣ «አሁን የዚህን ሐሳብ ባለቤት እንስማ፤ ኦቲሊያ፣ ነይ» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ዚታ በዓይኗ ትለማመጣለች። ኦቲሊያ ሄዳ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«የተነገራችሁ ትክክል አይደለም» አለች። ጭብጨባው ቀጥ አለ። «የሰቀልነው እንዲያምር ብለን ነው። እዚህ ቤት ልብስ ሲሰቀል ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም ነበር። እኔ ከአያቴ የሰማሁት ገና አሁን ነው። ይቅርታ አድርጉልን።»

የእንግዳዋ ብዕር ቆመ። ዚታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኦቲሊያ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሰንሰለቶቹ ጫፍ ወደታሰረበት ብረት ሄደች። የጃኬቱን ሰንሰለት ቁልፍ ያዘችና ወደ አያቷ ዞረች።

«ላውርደው አባባ?»

አቶ አሎይዝ ከወንበሩ ተደግፈው ተነሡ። በሰዎቹ መሀል አልፈው ጃኬቱ ሥር ደረሱና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀስ አድርጊው» አሉ። «እኔ እቀበለዋለሁ።»