በበሩ ሆድ ውስጥ

የሀጂ ኡበይደላ አሮጌ ኮሮላ በዕድሜ ከልጃቸው ከኢሕሳን ትበልጣለች። የመርሳ ሰው «የሀጂ የበኩር ልጅ» ይላታል፤ እሳቸውም አይከፋቸውም። ወልድያ ለቅሶ ሲኖርባቸው እንኳ ባጃጅ ይቧጭርብኛል ብለው መኪናዋን ትተው በሚኒባስ ይሄዳሉ።

የዚያን ቀንም እንዲሁ ሄዱ። ቁልፉን ለኢሕሳን የሰጧት ከእርሻ የብርቱካን ሣጥኖች እንድታመጣ ነበር። እሷ ግን ሣጥኖቹን አራግፋ ስታበቃ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ሲሪንቃ አዞረች።

ሲሪንቃ አብዱልመሊክ ይጠብቃት ነበር። የተዋወቁትም እዚያው ነው። እሷ በምርምር ማዕከሉ የማሽላ ዘር ትመረምራለች፤ እሱ ወልድያ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ፓምፕ ሊሠራ መጥቶ፣ ውኃውን ሳይዘጋ የፈታው ቧንቧ ሁለቱንም ከራስ እስከ እግር አራሳቸው። ተያይተው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ መተያየቱን አልተዉትም።

አሁን ግን መተያየት አልነበረባቸውም። የአብዱልመሊክ ሽማግሌዎች ሀጂ ዘንድ ከቀረቡ ሰንብተዋል። መልስ ሳይሰጥ ልጁና ልጅቷ መንገድ ዳር ቆመው ቢታዩ ነውሩ የሁለቱም ነው። ሀጂ ደግሞ ልባቸው ገና አላመነም። «በሞተር ገበያ መሃል ሲበር አይቸዋለሁ። ችኩል ሰው ቤት አያቆምም። እስኪ ላጥናው» ነበር ለሽማግሌዎቹ ያሏቸው። በዚያ ቤት አባት አንዴ እምቢ ያለው ነገር ሁለተኛ አይጠየቅም።

ኢሕሳን የመጣችው ይህንኑ ልትነግረው ነው። ሞተርህን ቀስ አድርገህ ንዳ፣ አባቴ እያየህ ነው፣ ልትለው። ከግራሩ ሥር ቆሞ ስታየው ግን ሐሳቧ ከእጇ ቀድሞ ከመኪናዋ ወረደ። ቁልፉን ማስነሻው ላይ እንደተወች ወጣች፤ እንደ አባቷ ልማድ መቆለፊያውን ተጭና በሩን ዘጋችው። የቀሩት በሮችም ተቆልፈው ነበር።

ያኔ እጇ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። አባቷ ናቸው። ለቅሶውን ደርሰው ሚኒባስ ውስጥ ገብተዋል። ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርድ ሚኒባስ ደግሞ የሚያልፈው በዚህችው መንገድ፣ በፊታቸው ነው።

«ሽቦ እንፈልግ» አለች።

«ሽቦ ስንፈልግ ይደርሳሉ። ዞር በይ።»

ድንጋዩን ከየት እንዳነሳው አላየችም። በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት እንደ ተከካ አሞሌ ረገፈ። አብዱልመሊክ እጁን አስገብቶ በሩን ከፈተላት። መሪውን ከመጨበጧ ስልኩ እንደገና ጠራ። ሚኒባሱ አልሞላም ብሎ ቆሟል፤ ወርደው ዙሁር ሊሰግዱ ነው፤ ቶሎ አይመጡም።

ተያዩ። በመሃላቸው የነበረው መስታወት የለም።

መርሳ፣ በበላይ ጋራዥ፣ ከተጋጨ ኮሮላ የተነቀለ መስታወት ተገኘ። አብዱልመሊክ እንዳይታወቅ ሄልሜቱን ሳያወልቅ አጥሩ ጥግ ቆመ። መካኒኩ በላይ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትቶ ራሱን ነቀነቀ። ይህ በሽቦ የሚከፈት መኪና ነው፣ ድንጋይ ማን አቀበላችሁ፣ አለ። ቀጥሎም ስብርባሪው በሩ ሆድ ውስጥ እንደወረደ፣ አንድ በአንድ ማውጣቱ ጊዜ እንደሚወስድ ነገራቸው።

«ተወው፣ ግጠመው» አለ አብዱልመሊክ ከሄልሜቱ ውስጥ።

ተለያዩ። ከመለያየታቸው በፊት፣ አባቷ ከጠየቁ ከባድ መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ ነው እንድትል ተስማሙ።

ሀጂ ሲመጡ ከልጃቸው በፊት ሰላም ያሉት መኪናዋን ነው። እንደ ልማዳቸው ጨርቅ ይዘው ቀረቡ፤ አዲሱን መስታወት ወለወሉት። በሩን ከፍተው ዘጉት።

ሽክሽክ።

እንደገና ከፍተው ዘጉት። ሽክሽክ።

«ኢሕሳን።»

«አቤት፣ አባ።»

«ይቺ መኪና እንዲህ አትልም ነበር።»

«ድንጋይ…» አለች። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። የሚቀጥለው ቃል ግን አልወጣ አላት።

የግቢው በር ተንኳኳ። አብዱልመሊክ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ፣ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ገባ። ሰላምታ ሰጠ፣ ሰላምታ ተመለሰለት። ከዚያ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ሲሪንቃውን፣ ቁልፉን፣ ድንጋዩን። ኢሕሳንም ና ብላ የጠራችው እሷ መሆኗን ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ጨመረች።

ሀጂ አዲሱን መስታወት በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«በሽቦ ይከፈት ነበር።»

«አዎ፣ አባ ሀጂ። አንቱ ሊደርሱ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ሄደህ የለም እንዴ? ምን መለሰህ?»

«ሲሪንቃ ስደርስ ስብርባሪውን መንገድ ዳር አየሁት። ችኩል ብለውኛል፤ ውሸታም እንዳይጨምሩበት ተመለስኩ።»

ሀጂ ጨርቁን አጣጠፉ። «ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ና። ካቻቢቴህን ያዝ። ሞተሩን ወልድያ ተወውና በሚኒባስ ና፤ እስኪሞላ መጠበቅ ትማራለህ።»

እምቢታ ይሁን እሽታ፣ ኢሕሳን ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረች።

ሚኒባሱ ቶሎ አልሞላ ኖሮ፣ አብዱልመሊክ የደረሰው ፀሐይ ከበረታች ወዲያ ነው። ቁጭ ብሎ የበሩን ሽፋን ፈታ። ሀጂ የብርቱካን ሣጥን ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ኢሕሳን የቆርቆሮ ሳህን ይዛ አጠገቡ ቆመች። እሱ ክንዱን በሩ ሆድ ውስጥ እስከ ክርኑ እየከተተ፣ ፍርፋሪውን በጣቱ እየፈለገ ሳህኑ ላይ ያኖራል። አንዱ ቆረጠውና ደሙ ጠብ አለ። የሻሿን ጫፍ ዘረጋችለት። ሀጂ ሳል አሉ። ሻሹ ተመለሰ።

ሽፋኑን አስሮ በሩን ዘጋው።

ሽክ።

አንድ ቀርቷል። ኢሕሳን አባቷን አየች፤ አባቷ አብዱልመሊክን። እሱ ግን ማንም ሳያዘው፣ ፊቱንም ሳያጨማድድ፣ ብሎኖቹን ከመጀመሪያው መፍታት ጀመረ። የቀረችው ፍርፋሪ የመስታወቱ ጎሚኒ ሥር ተወትፋ ነበር። በጥፍሩ አወጣት።

አሁን ሀጂ ራሳቸው ተነሥተው በሩን ዘጉት። ሦስቱም አዳመጡ። የብርቱካኑ ቅጠል ብቻ ተንሾካሾከ።

«ሽማግሌዎችህ ጁምዓ ይምጡ» አሉ። «ምሳ እዚህ ነው።»

አብዱልመሊክ የሚያደርገው ጠፍቶት ጎንበስ አለና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ እየጠረገ ማስገባት ያዘ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሂድ ንገራቸው» አሉት ሀጂ። «ለዚህስ ብትቸኩል አልቆጣም።»

ኢሕሳን ፊቷን አዙራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። እጇ ላይ ያለው ሳህን ግን ሽክሽክ ብሎ አሳበቀባት።