ባዶው ቴፕ ሲያስል

ጠንቋይ አላውቅም፣ ዛር አላውቅም፣ ሙት ተነሣ ሲሉኝ «መቃብሩን አሳዩኝ» የምል ሰው ነኝ፣ ለዚህ አፌ አንኮበር ላይ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል፣ ግድ የለኝም። ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን ባታምነኝ አልቀየምህም፣ እኔም ብሆን አላምንህም ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታዬ ለውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ አንዴ በሰው እጅ ካሴት ላከልን፣ ደብዳቤ ቢጽፍ ቤታችን ውስጥ የሚያነብ እንደሌለ ያውቃላ፣ ድምፁን ቀድቶ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ» እያለ፣ እየሳቀ፣ መሐል መሐል ላይ እያሳለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቴፑን ትከፍትና መልስ ትሰጠዋለች፣ «እህ፣ ልጄ፣ ምን በላህ ታዲያ?» ትለዋለች። ከልጇ የቀራት ያ ካሴት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን እንደነከሰ ቆመ። ደብረ ብርሃን ወስጄ ለአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሰጠሁት፣ «ካሴቱን አደራ» አልኩት፣ «ምን ችግር አለው አባቴ፣ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» ብሎ ቀለምና ወረቀት ገፋልኝ። ያኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነው፣ ሰው ፊት «አንብብልኝ» ለማለት አፈርኩ፣ ያነበብኩ መስዬ ወረቀቱን ትክ ብዬ አየሁና አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። የሞኝ ኩራት!

ከወር በኋላ ስመለስ ቴፑ እንደ አዲስ ይጮኻል፣ የሚጮኸው ግን የሰልፍ ማርሽ ነው።

«ታዬስ?» አልኩት።

«የቱ ታዬ?»

«ካሴቱ ላይ ያለው ወንድሜ!»

«እ... መቅዳቱን ስሞክር ከራዲዮ የቀዳሁበት መሰለኝ። ግን እኮ ፈርመዋል።»

ወረቀቱን ቀማሁት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት፣ «ውስጡ ለተገኘ ካሴት ኃላፊ አይደለንም» ይላል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያነበብኩት ነገር ይሄ ነው፣ ተመልከት ዕድሌን።

«አደራ ስልህ በአፍህ እሺ አላልክም?»

«የአፍ ሌላ፣ የወረቀት ሌላ» አለና ካሴቱን አወጣው፣ የባትሪ ድንጋዮቹንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። «ይኸው፣ እርስዎ ይፈልጉት፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም።»

ያኔ ቴፑ አሳለ።

ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ደጁ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ድንጋዮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ካሴቱ በሰውዬው እጅ ነው፣ እመነኝ። ሁለት ጊዜ አሳለ፣ የታዬ ሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ካሴቱ ላይ ኖሮ የማያውቅ ቃል ተናገረ፣ «ወንድምጋሼ፣ እዚህ ምንም አይሰማም፤ እናንተ ትሰሙኛላችሁ?»

«አዎ» ብሎ የመለሰው ጠጋኙ ነው።

«ሰማህ አይደል!» አልኩት። «ጻፍ! ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም ሰምቼዋለሁ ብለህ ፈርም!»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ማንን ነው አዎ ያልከው?»

ድንጋዮቹን ይለቃቅም ጀመር። «ወንድሜን እስክትመልስ እቃው እዚሁ ይቀመጣል» ብዬ ጥዬበት ወጣሁ።

ከእናቴ መደበቅ አልሆነልኝም፣ ነገርኳት፣ «ውሰደኝ» አለች፣ በቅዳሜው ይዣት ሄድኩ። ጠጋኙ ሱቁን በሰፊው ከፍቶ፣ እሱ ግን በዚያ ብርድ ደጅ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይሠራል። «ምነው ውስጡ ጠበበህ?» ስለው «ይተዉኝ አባቴ» አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

እናቴ ብቻዋን ገባች። «ልጄ» ስትል ሰማሁ፣ ሳሉን ሰማሁ፣ እሷም ስትስቅ ሰማሁ። ቀጥላ፣ «እስቲ፣ በልጅነትህ ምን ብዬ ነበር የምጠራህ?» አለችው።

እንደገና አሳለ።

«እማዬ፣ አንቺ ንገሪኝ» አላት።

ፊቷን ከውስጥ ሳታዞር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ወደ ኋላዋ እየረገጠች ወጣች። «ድምፁ የልጄ ነው» አለችኝ፣ «ልጄ ግን አይደለም።»

ጠጋኙ ላይ ዞርኩበት፣ «አሁንስ? ጻፍ!» ይገርምሃል፣ እምቢ አላለም፣ ብዕር አወጣ። «እኔ ያጠፋሁት» ብሎ ጻፈና ቆመ። «ያጠፋሁትን አምኛለሁ፣ ይሄኛውን ግን የማን ልበለው?»

እናቴ ክንዴን ጨበጠች፣ «ስም እንዳትጠሩ» አለች፣ «በሩ ክፍት ነው፣ ከሰማ የራሱ ያደርገዋል።»

ጠጋኙ በዚያው ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣ ቴፑን ይዞት ይሂድ ትቶት ይሂድ የሚያውቅ የለም። ሁለት ቃል የተጻፈባትን ወረቀት ግን ይዣታለሁ፣ ይሄን ያደረገው ማንም ይሁን ማን አንድ ሰው ሊፈርምበት ይገባል፣ እስኪፈርምልኝም አልጥላትም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ታዬን በስሙ አልጠራችውም።