በጩማ ታንኳ ላይ የቆመው ሰው

ቦሼ ሰውየውን ያወቀችው ፊቱን አይታ አልነበረም፤ ፊቱንማ አይታው አታውቅም። ያወቀችው በድምፁ ነው።

የሶዶ ገበያ ቀን ነበር። ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከዋርካው ሥር ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ወንዶችን ዙሪያውን አቁሞ ስለ አባያ ሐይቅ ያወራል። አድነው ይሉታል። አባቱ ከሰሜን መጥቶ ሶዶ የቀረ ሰው ነው።

«ማዕበሉ ይህን ያህል!» እጁን ከራሱ በላይ ሰቀለ። «ታንኳዋ እንደ ቅል ትንሳፈፋለች። ጉማሬው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ባለታንኳው ጩማ እንኳ መቅዘፊያውን ሊጥል ምንም አልቀረው። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ቆምኩ!»

«በውሃ ላይ?»

«አዎ፣ ተነስቼ ቆምኩ! ከኋላዬ አንዲት ምስኪን ሴት ነበረች። ስታለቅስ... ስታለቅስ... ጋቢዬን አልብሼ ‹አይዞሽ እህቴ፣ አድነው እያለ አትሰምጪም› አልኳት።»

የቦሼ ቅቤ ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ።

ምስኪኗ ሴት እሷ ነበረች። ያለቀሰው ግን እሱ ነው!

ጩማ ሰው ታንኳው ላይ የሚያሳፍርበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ተሳፋሪውን በብብቱ ይዞ ከመሬት ብድግ እያደረገ ይመዝነዋል። ከዚያ እኩል የሚመዝኑትን ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ያስቀምጥና ወገባቸውን በአንድ መቀነት ያስራቸዋል። አንዱ ወዲህ ሲያዘነብል ሌላው ወዲያ ይስበዋል፤ ታንኳዋም አታጋድልም። «ብትሰምጡም አብራችሁ ነው፤ ማንም ማንንም አይከስስም» ይላቸው ነበር። ስለዚህ በጩማ ታንኳ የተሻገረ ሰው የጓደኛውን ጀርባ እንጂ ፊቱን አያውቅም።

ቦሼ ያን ጀርባ ታስታውሰዋለች። ከዳር እስከ ዳር ተንቀጥቅጧል። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆይ፣ በፈረስህ ድረስልኝ!» እያለ ሲጮህ፣ «ፈረስ እዚህ መጥቶ ምን ሊረግጥ ነው?» ብላዋለች። ማዶ እንደደረሱ ሰውየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ሳይሰናበት ሮጠ። ደግሞም... እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጀርባው ሞቃት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ሙቀት የነካት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ሳታስበው ወደ ኋላ ደገፍ ትል ነበር።

አሁን ግን ተናደደች።

«ጌታው!» አለች። «እኔም በጩማ ታንኳ ተሻግሬአለሁ። መቀነቱን ምን አድርገውት ቆሙ?»

ወንዶቹ ዞሩ። አድነው ጋቢውን አስተካከለ።

«የእኔ ታንኳ ትልቅ ነበር። መቀነት አያስፈልገውም።»

«ማዕበሉስ? እኔ ስሻገር ውሃው እንደተወጠረ ቆዳ ጸጥ ያለ ነበር።»

«እንግዲያ የእርስዎ ጉዞ ጉዞም አይባል! እንቅልፍ ነው!»

«በእኔም ጉዞ ያለቀሰ ነበር። ሴት ግን አልነበረም።»

ሳቁ ዋርካውን አንቀጠቀጠው። አድነው ሳል ያዘው። ቀና ብሎ አያት... ዓይኖቿ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሌላ ወሬ የጠፋው ሰው ሆኖ፣ «ቅቤው ለጋ ነው?» አላት።

በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ቅቤ ገዛ። በሌላውም ገዛ። ሲገዛም ስለ ጉዞው ይከራከራታል። ማዕበሉን በየሳምንቱ ክንድ ክንድ ያሳድገዋል፤ እሷ በየሳምንቱ ታሳጥረዋለች። አንድ ቀን ቢዘገይ ዓይኗ መንገዱ ላይ ቀረ፤ በዚያም በራሷ ተናደደች።

በመጨረሻ እህቱ ወለተጊዮርጊስ ራሷ ገበያ ወረደች።

«ወንድሜን በቅቤ የያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፤ ገዢውን አልያዝኩም።»

«እኛ ቤት ሁለት ሰው ነው ያለነው፣ እህቴ! እንስራው ሞላ፣ ቅሉ ሞላ፣ ድመቷ እንኳ ሸሸች! ወይ አግቢው ወይ ሌላ ነገር ሽጪ!»

ቦሼ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

አድነው ሽማግሌ ላከ። የቦሼ ወንድም አንጁሎ ተቀብሎ አስቀመጣቸው፣ ከእንሰት የተሠራ ሙቹዋ በዳጣ አቀረበላቸው፣ ከዚያ እህቱን ጠራት። ልቧ እሺ ሊል ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የአድነውን ጀግንነት ሲያወድሱ፣ «በአባያ ላይ አንዲት አልቃሻ ሴት ያዳነ ሰው ነው» አሉ።

«ሂዱና ንገሩት» አለች። «የወሰደብኝን ሳይመልስ ቤቴን እንዳይረግጥ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተሰጣቸውን ቀንድ ቦርዴ እንኳ ጠጥተው ሳይጨርሱ ወጡ። በማግስቱ ሶዶ ሁሉ፣ «አድነው ከቅቤ ነጋዴዋ ላይ ሰረቀ» ይል ጀመር።

እኩለ ቀን ላይ ሰውየው ራሱ ከአጥሯ ደረሰ። ከኋላው ወለተጊዮርጊስ ቅቤ የሞላ እንስራ አዝላ ታቃስታለች።

«ወይዘሮ ቦሼ! እኔ ሌባ ነኝ?»

«ነዎት።»

«ይኸው ቅቤዎ! ሁሉም አለ! ከቀባሁትና ከበላሁት በቀር!»

«ቅቤ አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምን ወሰድኩ?»

ቦሼ አግዳሚውን አሳየችው። «ይቀመጡ። የአባያን ጉዞዎን ይንገሩኝ። ገበያ ላይ የሚያወሩትን አይደለም... ያንን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።»

አድነው ተቀመጠ። አጥሩ ጋ የቆመችውን እህቱን አየ።

«ወለቴ፣ አንቺ ጆሮሽን ያዢ።»

«እጄ እንስራ ላይ ነው!»

«እንግዲያው ስሚው» አለና አንገቱን ደፋ። «አልቆምኩም። መቀነቱ ነበረ። ማዕበል... አልነበረም። አንድ ዓሣ ዘለለና ጉማሬ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ አለቀስኩ። ጊዮርጊስን ጠራሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ዞራ ማየት አትችልም፤ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የተቀቀለ የቦይና ሥር አቀበለችኝ። ‹ብላ፤ አፉ የሞላ ሰው አይጮህም› አለችኝ።»

ወለተጊዮርጊስ እንስራውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ሳላመሰግናት ሮጥኩ» አለ አድነው። «ሶዶ ስገባ ሰው ጠየቀኝ፤ ዋሸሁ። ለቅሶዬን ለእሷ ሰጠኋት። ከታሪኩ ላወጣት ሞክሬ ነበር... አልሆነልኝም። እሷ ከሌለች ጉዞው ባዶ ታንኳ ሆነብኝ። የሷ ጀርባ አልተንቀጠቀጠም፣ ወይዘሮ ቦሼ። እንደ እሷ ያለ ጀርባ... አላገኘሁም።»

ቦሼ ተነስታ ዞረች፤ አግዳሚው ላይ ከኋላው ተቀመጠች። ቀስ ብላ ደገፍ አለች።

የአድነው ትከሻ አወቃት፤ ወገቡ አወቃት። ሊዞር ሲል፣ «አትዙር! ታጋድላለች» አለችው።

«አንቺ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ግን አሁን እኩል አንሆንም፤ ጨምረሃል።»

«በማን ቅቤ!» አለ አድነው፤ እየሳቀም እያለቀሰም።

በዚያው ሰሞን ተጋቡ። ውላቸው አንድ ነበር፤ «እንዳሻህ አውራ፤ ግን ከኋላህ እኔ አለሁ» አለችው። እሷም ቃሏን ጠበቀች። ዓመታት አልፈው ሁለቱም ራሳቸው ሸብቷል፤ ሆኖም በበቅሎ ጉኑኖ ገበያ ይወርዳሉ፣ ቦምቤ ለሠርግ ይጠራሉ፣ ቢጠና ዘመድ ይጠይቃሉ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ፣ የቤቱ ጌታ «እስቲ አባያን አሻግሩን!» ይላል። አድነው ተነስቶ ማዕበሉን ያስነሳል። ቦሼ ተቀምጣ ታስተኛዋለች።

«ጉማሬው አፉን ሲከፍት...»

«ዓሣ ነው። ትንሽ ዓሣ።»

«እኔ ቆሜ...»

«ጊዮርጊስን በፈረስ ይጠራል!»

ሕፃናቱ ሳይቀሩ ታሪኩን በሁለቱም መንገድ አወቁት።

አንድ ቀን ከቦምቤ ሲመለሱ በቅሎዋን እየሳበ፣ «ቦሼዬ፣ አንዴ... አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰው ፊት ታንኳው ላይ አቁሚኝ» አላት።

«የሞትክ ለት አቆምሃለሁ!»

«ያኔ ማን ይሰማል?»

«እኔ እሰማለሁ። ይልቅ በቅሎዋን ያዝ፣ ገደል ልትከተኝ ነው!»

ሳቁና መንገዱን ቀጠሉ።

የጦርነት ወሬ ገና ከሩቅ በሚሰማበት ዓመት፣ አድነው ከቢጠና ቆላ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ቦሼ ከኋላው ተቀምጣ፣ ጀርባውን በጀርባዋ ደግፋ አጥሚት ታጠጣው ነበር። እጇን ወደ ኋላ እየሰደደች፣ «ጠጣ። አፉ የሞላ ሰው አይጮህም» አለችው።

«አልጮህኩም» አለ።

«አልጮህክም፣ የኔ ጌታ።»

ጀርባው መንቀጥቀጡን ተወ። ቦሼ ግን አልተነሳችም፤ ወለተጊዮርጊስ መጥታ በክንዷ እስክታነሳት ድረስ።

ለለቅሶው ሰው ከጉኑኖም ከቦምቤም መጣ። ከአባያ ዳርቻ ሽማግሌው ጩማ ሳይቀር በምርኩዝ ወጥቷል። ወንዶቹ የሟቹን ሥራ እያነሱ አወደሱ፤ ሆኖም አባያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም አሉ። እንዴት እንደሚነገር ግራ ገባቸው።

ቦሼ ተነሳች።

«አድነው!» አለች። «ማዕበሉ እንደ ዳሞት ተራራ ሲነሳ! ጉማሬው አፉን ሲከፍት! ጩማ መቅዘፊያውን ሊጥል ሲል! አንተ ቆምክ! ተነስተህ ቆምክ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ዓሣ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ተሰማ።

«ጉማሬ ነው!» አለች ቦሼ ዘወር ብላ።

«ያለቀሰውስ...?»

«እኔ ነኝ! ያለቀስኩት እኔ ነኝ! አታዩም እንዴ?» እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር። «እሱ ጋቢውን አልብሶኝ ‹አይዞሽ፣ አድነው እያለ አትሰምጪም› አለኝ። አልሰመጥኩም!»

ሁሉም ወደ ጩማ ዞረ። ሽማግሌው ምርኩዙን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንኳኳ።

«በእኔ ታንኳ» አለ፣ «ሰው በመቀነት ይታሰራል። ማንም ቆሞ አያውቅም።» ቦሼን አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት። «ከአንድ ሰው በቀር።»

ወለተጊዮርጊስ ጮሃ አለቀሰች። ከወንዶቹ አንዱ ግን አልዋጥ ብሎት፣ «መቀነቱ እያለ እንዴት ቆመ፣ እትዬ ቦሼ?» አለ። የዋርካው ሥር ጥያቄዋ ነበር፤ ወደ ራሷ ተመለሰባት።

ቦሼ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ በለቅሶው መሀል ፈገግ ብላ።

«መቀነቱማ አንድ ነበር» አለች። «እሱ ሲቆም እኔም አብሬው ተነሳሁ።»