ሰባት አባት ያላት መኪና

ፀሐይ ሳትወጣ አታሄር ቁልፉን አዞረ። ፒካፗ አንዴ አሳላት፣ ሁለቴ አሳላት፣ ከዚያ መላ አካሏን አንቀጥቅጣ አገሣች። በአጋዴዝ ከተማ ምሥራቃዊ መውጫ ሊሸኙ የተሰበሰቡት ሾፌሮች አጨበጨቡ፤ ግማሾቹ ለማድነቅ፣ ግማሾቹ ለማሾፍ።

«አታሄር!» አለ ጉሙር ከአዲሱ ነጭ ፒካፑ መስኮት ብቅ ብሎ። «ይቺን ሰባት አባት ያላት መኪናህን በየትኛው አባቷ ስም ነው የምንጠራት?»

«ፋቺ ስትደርስ ራሷ ትነግርሃለች።»

«ከደረሰች ነዋ! ካልደረሰችም አፈሩ ይቅለላት።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠችው የአታሄር እናት ራይሻ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ቃል በመንገደኛ ላይ አይጣልም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች፤ መሸፈኛዋንም እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ጉሙር የተናገረው ግን ሐሰት አልነበረም። ሻሲዋ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከኖረ አሮጌ ፒካፕ ተቆፍሮ የወጣ ነው። ሞተሯ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጥለውት ከሄዱት መኪና ተነቀለ። ካምቢዮዋ ከሌላ፣ የነዳጅ ጋኗ ከሌላ። ቀዩ በር ከአንዱ ስብርባሪ መጣ፣ አረንጓዴው ከሌላው። ከአሸዋው ከፍ ብላ እንድትቆምም አታሄር ከአንድ የጭነት መኪና ባሌስትራ ፈትቶ፣ ብረት በብረት ላይ ደርቦ አሰረላት። ሲበይድ ራይሻ ላሜራውን ትይዝለት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና። የመቀመጫዎቹን ልብስም እሷ ናት የሰፋችው። እያንዳንዱ ብሎን ሲጠብቅ «ይሄ ደግሞ መቼ ይፈታ ይሆን?» ማለቷ ግን አልቀረም።

በበረሃው ማዶ ባለችው በፋቺ የቴምር ባለቤቶቹ ሴቶች ናቸው። አዝመራው ሲደርስ የዓመቱን ቴምር የሚያስጭኑት በረሃውን አቋርጦ መጀመሪያ ለደረሰው መኪና ነው፤ ዘንድሮ የወጡት አታሄርና ጉሙር ብቻ ናቸው። አታሄር ለእናቱ ቁርጡን ነግሯታል፤ ጭነቱ የእሱ ከሆነ በዚህ መንገድ ላይ ሾፌርነቱን ይቀጥላል። ካልሆነ ፒካፗን ሸጦ ወደ ጃዶ ወርቅ ማውጫ ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ አጋሊ የሄደው ወደዚያው ነበር። ጉድጓዱ ሲደረመስበት ድምፁ ከሥር ይሰማ ነበር አሉ። አጠገቡ የሚቆፍሩት የራሳቸውን ጉድጓድ ጥለው አልመጡም። አስከሬኑ እንኳ አልወጣም።

ስለዚህ ራይሻ ያለ ግብዣ ጋቢና ገባች። ድንኳኗንም ጫነች፤ ቆዳውን፣ ጠፍሩን፣ የተቀረጸውን ምሰሶ።

«እማ፣ ድንኳን ምን ያደርግልናል? ለሠርግ አይደለም የምንሄደው።»

«መኪናህ በረሃ መሃል ስትቆም የት ልትጠለል ነው?»

«ብትቆም እንኳ አትይም?»

«ስትቆም ነው ያልኩት። ንዳ አሁን።»

ነዳ። የአይር ተራሮች ወደ ኋላ ሸሹ። የግራር ዛፎቹ ሳሱ፣ ከዚያ ጠፉ። የቴኔሬ በረሃ ተከፈተ፤ ሰማዩን እስኪነካ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ባዶ። አታሄር የጎማዎቹን ነፋስ ቀነሰ፤ ፒካፗ ደረቷን ገልብጣ አሸዋውን ሰነጠቀችው። የጉሙር አቧራ ከፊታቸው እንደ ቀጭን ጭስ ይታያል።

እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ጋለ። አታሄር የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። ይህን የሚያይ ማንኛውም ሾፌር ሞተር እያበረደ መሆኑን አውቆ ያልፋል። ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ ኮፈኗን የከፈተች መኪና ግን ሌላ ነገር ትናገራለች። ሞተሩ ተፈትቷል፣ አሸዋ እንዳይገባበት ነው የዞረችው፤ ድረሱልኝ ማለቷ ነው። እሷን ያየ ሰው ጠላቱም ቢሆን ይቆማል። በቴኔሬ ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም።

ከቀትር በኋላ በደቡብ በኩል ቡናማ ግድግዳ ከመሬት ተነሣ።

«እማ፣ መስኮቱን ዝጊ!»

«ዘግቼዋለሁ፤ በሩ ነው የማይገጥመው! ቀዩ በር!»

ማዕበሉ ወረደባቸው። ቀኑ ጠፋ። አሸዋው ላሜራውን እንደ በረዶ ቀጠቀጠው፤ ፒካፗ በቆመችበት ተወዛወዘች። አቧራ የሚገባበትን የቀዩን በር ክፍተት ራይሻ በመሸፈኛዋ ጠቀጠቀችው፤ በሩንም በትከሻዋ ገፍታ ያዘችው። በልቧ የሚሰበረውን ሁሉ ቆጠረች። መስታወቱ ይረግፋል። ኮፈኑ ይገነጠላል። መኪናዋ ትገለበጣለች፤ የሚያገኛቸውም የለም።

መስታወቱ አልረገፈም። ኮፈኑ አልተገነጠለም። ነፋሱ አልፎ ሰማዩ ሲገለጥ አታሄር ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ራይሻ ፊቷን ከአቧራ እየጠረገች ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ግመል አንገት።

ጥቂት እንደተጓዙ ጉሙርን አዩት። ከመንገዳቸው በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ ነጩ ፒካፕ ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ጀርባው ለነፋስ ነው።

አታሄር ወዲያው መሪውን ወደ እሱ ጠመዘዘ። መሬቱ እዚያ ጋ እንደ ዱቄት የላመ ነበር። ገና መሃሉ ሳይደርሱ የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ፤ አታሄር ነዳጅ ቢረግጥም ፒካፗ እስከ ሆዷ ተቀበረች።

ጉሙር ከመኪናው ጥላ ሥር ተነሣ። ተዘረጋጋ። አዛጋ።

«ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጮኸ አታሄር።

«ምን እሆናለሁ? ሞተር እያበረድኩ ትንሽ ጋደም አልኩ።»

«ጀርባህ ለነፋስ ነው!»

«ከማዕበሉ በኋላ ነፋሱ ዞሮብኝ ነዋ! ነፋስ ሲዞር እኔ ምን ላድርግ?»

«ስንመጣ አይተኸናል! ባትፈልገን እጅህን አታወዛውዝም?»

ጉሙር ወደ መኪናው ዞረ። ኮፈኑን ዘጋ፣ ገባ፣ ሞተሩን አስነሣ። ገመድም አልወረወረላቸውም። አቧራው ብቻ ቀረ።

ራይሻ አካፋውን ከስፖንዳው ላይ አወረደች። «ቁጭ ብለህ አትየው። ቆፍር።»

ቆፈሩ። የብረት ሳንቃዎቹን ከጎማዎቹ ሥር አስገቡ። ራይሻ ከኋላ ጎማ ሥር አሸዋ ለመዛቅ ጎንበስ ስትል አሸዋው ራሱ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች ብቅ አሉ።

«እማ፣ አትንቀሳቀሺ!»

ቀንዳም እፉኝት ነበር፤ ተጠቅልሎ ፉጨት አሰማ። አታሄር ለመድረስ ሲሮጥ ራይሻ አካፋውን በሁለት እጇ አንሥታ ደለቀችበት፤ ከዚያ ደገመች፣ ሠለሰች፣ ጭንቅላቱ አሸዋው ውስጥ እስኪጠፋ።

«ሞቷል፣ እማ። በቃ።»

«ይሙት ገና!» አለችና አንድ ጊዜ ጨመረችለት።

ፒካፗ እየተንገዳገደች ከዱቄቱ ወጣች። ያን ምሽት በጠንካራ መሬት ላይ አደሩ፤ ገና ሲነጋ ወደ አሸዋ ክምሮቹ ገቡ። አታሄር አንዱን ክምር በሙሉ ጉልበት ወጣ፣ ጫፉ ላይ አየር ላይ ተንሳፈፈ፣ በሌላው ወገን ወረደ። ሌላውን ወጣ። ሦስተኛው ጫፍ ላይ ከኋላ በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ እንደ አንካሳ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች።

አታሄር ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባሌስትራው ነው። ዋናው ብረት መሃሉ ላይ ተሰብሯል።»

«ትርፍ የለህም?»

«የለኝም። በቃ እማ፣ ጉሙር ደርሷል። እዚሁ መኪና እንጠብቅና ሰው ሲያልፍ…» ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው። «ስንመለስ የሚገዛት ሰው እፈልጋለሁ።»

ራይሻ የመጨረሻውን ቃል ሰማች። ጃዶ አላለም፤ ስሙን መጥራትም አላስፈለገውም። ወደ ስፖንዳው ወጣች፤ የድንኳኑን ጥቅል ፈታች፤ ምሰሶውን ጎትታ አወጣች። እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻት ነው፤ ለእናቷም አያቷ የሰጠቻት። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ። አጋሊንም አታሄርንም የወለደቻቸው በእሱ ሥር ነው።

«መጋዝህ የት አለ?»

«እማ፣ ይሄማ የአያቴ…»

«ቁረጠው አልኩህ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

አታሄር የምሰሶውን ግማሽ ቆረጠ፣ ቁራጩንም ለሁለት ሰነጠቀው። ራይሻ ከስልቻው ውሃ ቀድታ ያልተለፋውን ጠፍር ነከረች። የሚጠጣ ውሃ ነበር። በክሪክ ሻሲውን አነሡ። እንጨቱን ከባሌስትራው ላይና ታች አጋድመው በእርጥቡ ጠፍር ጠመጠሙት፤ እሱ ሲስብ እሷ ትይዛለች፣ እሷ ስትይዝ እሱ በእግሩ ረግጦ ያጠብቃል። ፀሐይዋ ቀሪውን ሥራ ሠራች። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማተረ፤ ብረቱንም እንጨቱንም አንድ አድርጎ ነከሰ።

አታሄር በመዶሻ መታው። አልተነቃነቀም። እንደገና መታው።

«እንዴት ነው?» አለች ራይሻ፣ ይበጠሳል እንዲላት እየጠበቀች።

«እማ፣» አለ እየሳቀ፣ «ስንመለስ የሌላኛውንም ጎን እንዲሁ አድርጊልኝ።»

ቀስ እያሉ፣ የክምሮቹን ወገብ እየተከተሉ ወጡ። ከሰዓት በኋላ የፋቺ ጥቁር ገደል በአድማስ ላይ ታየ፤ ከሥሩ የቴምር ዛፎቹ አረንጓዴ መስመር። ከገደሉ በፊት ነጭ ነገር አንጸባረቀ።

የጉሙር ፒካፕ ነው። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ጀርባው ለነፋስ ነው።

አታሄር ነዳጁን ላላ አደረገ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ራይሻ። «እለፈው!»

«ኮፈኑን አላየሽም?»

«ትናንትም አይቼዋለሁ! ነፋሱ ዞሮበት ይሆናላ! ፋቺ ያውና፣ ልጄ። ያውና! ደርሰን ሰው እንልክለታለን።»

አታሄር ዓይኑን ከነጩ መኪና አልነቀለም። «አጋሊን ያለፉት ሰዎችም፣ እማ፣ ምክንያት ነበራቸው።»

ራይሻ የቴምር ዛፎቹን አየች። ከዚያ የልጇን እጆች አየች፤ መሪውን ወደ ነጩ መኪና እየመለሱት ነበር፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይንቀጠቀጡ። ደረቷ ውስጥ ፍርሃት በነበረበት ቦታ ሌላ ነገር ገባ፤ ስሙን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ኩራት ነበር።

ጉሙር በጎማው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ራዲያተሩ ተቀድዶ የመጠጥ ውሃውን ሁሉ እሱ ውስጥ እያፈሰሰ ሲጨርስ ለራሱ አልቀረውም። ሲያያቸው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ራይሻ ስልቻውን በሁለት እጇ አቀረበችለት። «ጠጣ። ቀስ ብለህ፣ እንዳያንቅህ።»

ጠጣ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እናቴ።»

«አፈሩ ለማን ሊቀል ነበር ያልከው?» አለች፤ ስልቻውን ግን አልነጠቀችውም።

አታሄር ገመድ አሰረ። ሰባት አባት ያላት መኪና አዲሱን ነጭ ፒካፕ ከኋላዋ አስከትላ መጎተት ጀመረች። ባሌስትራው ባቃሰተ ቁጥር ራይሻ መቀመጫዋን ጨብጣ «አሁን ይበጠሳል» ትላለች፤ ባልተበጠሰ ቁጥር አገጯን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። ፋቺ ሲገቡ አገጯ ከመሸፈኛዋ በላይ ነበር።

የቴምር ባለቤቶቹ በጨው ጡብ በተሠራው አሮጌ ቅጥር ጥላ ሥር ይጠብቁ ነበር። የሁሉም ታላቅ የሆነችው ባልቴት ያጋና ምርኩዟን ተደግፋ ቀረበች። ቀዩንና አረንጓዴውን በር አየች፤ ገመዱን በዓይኗ ተከትላ እስከ ነጩ መኪና ሄደች።

«አብራችሁ ነው የደረሳችሁት። ታዲያ ቀዳሚው ማን ነው?»

አታሄር ሊናገር ሲል ጉሙር ቀደመው።

«እሱ ነው፣ እማማ። እኔ ሁለተኛ ነኝ፤ በገመድ ርዝመት።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ያጋና በምርኩዟ የአታሄርን ስፖንዳ መታ አደረገች። «የዓመቱ ቴምር እዚህ ይጫናል።»

አታሄር የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቶ በእናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ጣቶቿን አጠፈላት። ለመሸጥ የሚያስብ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ጉሙር ጠጋ አለ። «መኪናዬ ውስጥ ትርፍ ባሌስትራ አለ። ነገ እንግጠምላት። ስምንተኛ አባት ብሆን ቅር ይላታል?»

«ትጠየቃለች፤» አለ አታሄር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራይሻ በቴምር ዛፎቹ ዳር ድንኳኗን ተከለች። በግማሽ ምሰሶ የቆመ ድንኳን ዝቅ ያለ ነው። ሻይ ሲፈላ ጉሙር ሊገባ መጣ፤ ግንባሩም ጠርዙን መታ።

«ምነው እናቴ፣ ምሰሶው አጠረ?»

«አላጠረም፤» አለች ራይሻ፣ በደጃፍ የቆመችውን ፒካፕ በአገጯ እያሳየች። «ግማሹ እዚያ ቆሟል። ጎንበስ በልና ግባ።»

ጉሙር ጎንበስ ብሎ ገባ።