ማህጁብ የሚተነፍስበት ስንጥቅ

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

አልምልላችሁም። ታሪኩን በመሐላ የሚጀምር ሰው ራሴም አላምንም። ግን የሆነው እዚሁ አሶሳ፣ በእህቴ ግቢና በእኔ ቤት ነው። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን የእህቴ ባል ገመቺስ ድምፁ እየተቆራረጠ ነግሮኛል።

ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ...

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበት፣ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ቋ ቋ የሚልበት ሰዓት። በዚህ ሰዓት ማን ይፈራል? እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ገመቺስ አናጢ ነው። ከወለጋ የመጣ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። አንድ አመል ግን አለበት፤ ስንጥቅ አይቶ ማለፍ አይችልም። ኢፖክሲ የሚባለውን ነገር በስልኩ ቪዲዮ ካየ ወዲህማ ባሰበት።

ነገሩ ሁለት ፈሳሽ ነው። አንዱ ሬዚኑ፣ ሌላው ማድረቂያው። ሲቀላቀሉ እሳት ሳይነካቸው በራሳቸው ይሞቃሉ፤ ከዚያ እንደ መስታወት ጠርተው እንደ ድንጋይ ይደርቃሉ። ገመቺስ በዚህ ነገር የእህቴን የተሰነጠቀ መታጠቢያ ደፈነ። የወንበር እግር አጣበቀ። የእኔን የሳሎን በር መቃን ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ሞላልኝ።

«እዚህ ቤት ያልተጣበቅነው እኛ ብቻ ነን» ትለው ነበር እህቴ ብሪቱ።

እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው፣ መሃሉ ወንዝ የሚመስል ጠረጴዛ አዘዘው። ለእንደዚህ ያለው ሥራ በተፈጥሮው የተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት ያስፈልጋል፤ ስንጥቁ በሬዚን ይሞላና ወንዝ ይሆናል። ገመቺስ ሲጠያይቅ፣ አሶሳ አጠገብ፣ ሆሞሻ ውስጥ፣ ነፋስ የጣለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ እንዳለ ሰማ።

ሄደ።

ዛፉ የአንዲት አሮጊት ነው፤ ብኸይታ ይባላሉ። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እጅ ያስገባል።

ብኸይታ ከግንዱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መዳፋቸውን ስንጥቁ አፍ ላይ አድርገው አነጋገሩት።

«ይሄ ዛፍ የማህጁብ ነው። የልጄ። ሲወለድ እትብቱን እዚህ ቀበርኩ፣ በላዩ ማንጎ ተከልኩ። በኛ ቤት እንደዚህ ነው።»

«እሱስ የት አለ እማማ?»

«ወርቅ ሊቆፍር ሄደ። ጉድጓዱ ተናደ። በቀን፣ ስድስት ሰዓት። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ... አላገኙትም።»

ገመቺስ ግንዱን ዳሰሰ።

«በዚያው ሰዓት ዛፉ ተሰነጠቀ። ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። አሁን መሬት ላይ ወደቀ፣ ምስጥ ይበላዋል። ውሰደው ያ ወለዲ፣ ልጄ። ቤት ይግባ። ቁረጠው፣ ላጠው። ስንጥቁን ብቻ አትዝጋ።»

«ለምን?»

«እሱ በዚያ ነው የሚተነፍሰው።»

«እሺ እማማ» አለ ገመቺስ።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል? አፍ ዳገት አይፈራም።

ለብሪቱ አልነገራትም። የሞተ ሰው ዛፍ መሆኑን ብትሰማ ከግቢው በር አታሳልፈውም ነበር። ስለዚህ የማህጁብን ስም በዚያ ቤት ከገመቺስ በቀር ማንም አያውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ከግንዱ ወፍራም ጣውላ አወጣ። ላጠው፣ አለሰለሰው፣ በእግር ላይ አቆመው። ስንጥቁ መሃል መሃሉን ይዞ በጥልቀት ይወርዳል፤ ወደ ታች ግን አያልፍም። የጣውላው ሆድ ድፍን ነው።

ቃሉን አልረሳም። እንዲያውም ሬዚኑን ቀላቅሎ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ግን ስንጥቅ አይቶ ማለፍ አይችልም አላልኳችሁም? ለራሱ መልስ አገኘለት።

«እኔ እኮ አልዘጋሁትም» አለ። «ጥርት ያለ ነው። ውስጡ ይታያል።»

አፈሰሰው።

አረፋ መጣ።

ይሄ አያስደነግጥም። እንጨት ውስጡ አየር አለው፤ ሬዚን ሲፈስበት አየሩ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ላይተር ጠጋ ሲያደርጉበት ይፈነዳል። ገመቺስ አፈነዳው። እንደገና መጣ። አፈነዳው። እንደገና...

ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው።

እኩል እኩል እየቆየ። ይወጣል... ይቆያል... ይወጣል...

ገመቺስ አንድ ነገር ልብ አለ። የራሱ ትንፋሽ ሳያውቀው ከአረፋው ጋር እኩል እየሄደ ነው። አረፋው ሲዘገይ እሱም እየዘገየ ነው። ላይተሩን ወርውሮ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

ሲደርቅ ጠረጴዛው አማረ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። መሃሉ ላይ ብቻ አንዲት አረፋ ቀርታለች። የአተር ፍሬ ብታክል ነው።

በነጋታው አረፋዋ ቦታ ቀይራለች።

በደረቀ ሬዚን ውስጥ! ድንጋይ ውስጥ እንደ መሄድ ነው።

ገመቺስ መዳፉን ጣል አደረገበት። ይህ ነገር ሲቀላቀል ይሞቃል፣ ደርቆ ሲያልቅ ይበርዳል። ይሄኛው አልበረደም። ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር ይመስላል።

ለደንበኛው ደውሎ «ትንሽ ይቆይ፣ አልደረቀም» አለው።

ኢልሊ የእህቴ ልጅ ናት። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ብሪቱ ሲያስወርዳት ሲያስወርዳት ኖራ፣ ስለት ተስላ ያገኘቻት አንድ ፍሬ ናት። እሷ ብታስነጥስ ቤቱ ይናወጣል።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ገመቺስ ለምሳ ሊነሳ ሲል ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ ሰማ።

«እፍ... እፍ...»

ጎንበስ አለ።

ኢልሊ ተንበርክካለች። አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ከንፈሯን ከጣውላው ሆድ ጋር አጣብቃ ትነፋለች።

«ኢልሊዬ... ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰጠሁት።»

«ምን?»

«ትንፋሽ። የሱ አለቀ።»

«የማን?»

ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«የጋሼ ማህጁብ።»

ገመቺስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አረፋዋ አተር አይደለችም። የሰው ቡጢ አክላለች። ከሥር ልጅቷ «እፍ» ስትል... አረፋዋ አበጥ አለች።

ልጁን አፈፍ አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢልሊ ትንፋሽ አጠረ። ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አየር ግን አይገባም። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሳንባዋ ንጹህ ነው ተባለ። ምናልባት የሬዚኑ ሽታ ይሆናል፣ ከእሱ አርቋት አሏቸው።

ምክሩ ልክ ነበር። እኔ ጋ አመጧት፤ ገመቺስ የማህጁብን ነገር ያኔ በጆሮዬ ነገረኝ።

ገመቺስ ግን በማግስቱ በጠዋት መኪና ይዞ ሆሞሻ ሄደ፤ ብኸይታን ይዞ ተመለሰ።

አሁን ሁለት ቦታ ነን። ገመቺስና ብኸይታ እህቴ ግቢ፣ ጠረጴዛው ዘንድ። እኔ ቤቴ፣ ከኢልሊ ጋር፤ ብሪቱ ስለት ልትሳል ወጥታለች። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው።

ብኸይታ እጃቸውን ሬዚኑ ላይ አሳለፉ።

«ዘጋኸው።»

«አልዘጋሁትም እማማ። ይኸው፣ ይታያል እኮ...»

«ይታያል» አሉ አሮጊቷ። «ዓይን ያያል። አፍንጫ በምን ይተንፍስ?»



እኔ ደግሞ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ኢልሊ ሳሎን ስትዘፍን እሰማታለሁ። ከዚያ አልሰማሁም። ልጅ ዝም ሲል ደግ አይደለም፤ ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

በሩ ዘንድ ቆማለች። መቃኑ ላይ። ገመቺስ የሞላልኝ ስንጥቅ ላይ አፏን አጣብቃ።

«እፍ...»

«ኢልሊ! ተይ!»

ዞረች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«አክስቴ... ትንሽ ብቻ... እዚህም አለ።»

ክንዴ ላይ ወደቀች።

ስልኬን እንዴት እንዳገኘሁት አላውቅም። ደወልኩ። ገመቺስ አነሳው።

«ልጅቷ እየሞተችብኝ ነው! ምንድነው ያደረግከው? ምን አድርገህ ነው?»

አልመለሰልኝም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ መሮና መዶሻ ሰማሁ። ጧ... ጧ... ያ ስንጥቅ መድፈን እንጂ መክፈት የማያውቅ ሰው፣ እያለቀሰ ይመታል። ኢልሊ እቅፌ ውስጥ ዓይኗ ወደ ላይ ዞሯል። እግዚአብሔርን ለመንኩት። ማህጁብንም ለመንኩት፤ ምን ላድርግ?

ጧ...

ሬዚኑ ተሰንጥቆ ተፈነቀለ።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ሰማሁ። ወደ ውስጥ የተሳበ፣ ረጅም፣ ማለቂያ የሌለው። የገመቺስ አይደለም። የአሮጊቷም አይደለም።

በዚያው ቅጽበት እቅፌ ውስጥ ኢልሊ ትንፋሽ ሳበች። አንድ ዓይነት ነበር።

የቀረውን ገመቺስ ነው የነገረኝ። ከስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ወጣ። በዚያ ሐሩር ላባቸውን አደረቀው። የእርጥብ አፈር፣ የጉድጓድ ሽታ ነበረው። የተፈነቀለውን ሬዚን አንስተው ሲገለብጡት፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በነበረው ጎኑ ላይ የእጅ ቅርጽ አለ። ሳይደርቅ በፊት ከታች ወደ ላይ የተገፋ መዳፍ፣ ጣቶቹ ሁሉ ሳይቀሩ። ከታች ግን ጣውላው ድፍን ነው፤ ነግሬያችኋለሁ።

ብኸይታ የራሳቸውን እጅ ቅርጹ ውስጥ አስገቡ። ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። ሰፋቸው። እዚያው እንዳስገቡት ቆዩ። የልጃቸውን እጅ ከያዙ ስንት ዘመናቸው ነው? ገመቺስ አንገቱን ደፋ።

ከትልቁ መዳፍ ጎን አንድ ትንሽ መዳፍም ነበረች። የሕፃን።

አሮጊቷ አይተዋታል። እሱም ማየታቸውን አይቷል። ሬዚኑን በሻሻቸው ጠቅልለው ሲነሱ ግን አንድ ነገር ብቻ አሉት።

«ማህጁብ ልጅ ይወድ ነበር።»

ጠረጴዛው አሁን በእህቴ ግቢ ዳስ ሥር ነው። ስንጥቁ ክፍት ነው፤ ማንም ጨርቅ እንኳ አያለብስበትም። ለደንበኛው ከሌላ እንጨት ተሠራለት። እኔም የበሬን መቃን አስፈልፍዬዋለሁ። ነፋስ ይገባል። ይግባ።

ኢልሊም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትዘፍናለች፣ ትንፋሿ ሙሉ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ከገበያ ስንመለስ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ጥላችን ከእግራችን ሥር ገብቷል። ብሪቱ የልጇን ግራ እጅ ይዛለች። እኔ ዘንቢል ተሸክሜ ከኋላ ነኝ።

የኢልሊ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል። ጣቶቿ ተጨብጠዋል። ረጅም ሰው ይዟት እንደሚሄድ ልጅ።

«ኢልሊዬ፣ እጅሽን አውርጂ፣ ይደክምሻል» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ቀና ብላ በቀኟ በኩል ወደ ላይ አየች። ከዚያ እጇን ሳብ አደረገችው... ደግማ ሳበችው።

አልወረደም።